ከለቅሶ ቤት የጠፋው ኪኒን

ሲስተር ዛሪ ኪኒኑ የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች። ከዚያ ገልብጣ አራገፈችው። የወደቀው ቁራጭ ጥጥ ብቻ ነበር።

የቤቱ ጌታ ፑ ዛኩማ የተቀበሩት ትናንት ነው። በአይዞል ከተማ ሰው ሲከበር ወንዱ ፑ፣ ሴቷ ፒ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሹም ነበሩ፤ ካንሰር ሆዳቸው ውስጥ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የሰጣቸው ሲስተር ዛሪ ከሆስፒታል እያመጣች የምትሰጣቸው ሞርፊን ብቻ ነበር። የተረፈውን ኪኒን መልሶ ማስረከብ የእሷ ኃላፊነት ነው።

«ፒ ንጉሪ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጠውት ይሆን?» ብላ ባለቤታቸውን ጠየቀቻቸው።

«የት አስቀምጠዋለሁ ልጄ? እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው የተውኩት።»

ሲስተር ዛሪ ወድቆ እንደሆነ ብላ ከአልጋው ሥር ጎንበስ አለች። ያገኘችው የእጅ ባትሪ ነበር። ጎኑ ላይ በምስማር የተጫረ ስም አለበት፦ ቢያካ።

ኢንስፔክተር ማዊቴ ከዋናው መንገድ ቁልቁል የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ ጨርሳ ከቤቱ ስትደርስ የሰፈሩ ምክር ቤት ሰብሳቢ ፑ ቹዋና በረንዳው ላይ ይጠብቋት ነበር።

«በከንቱ ደከምሽ» አሏት። «ሌባውን እናውቀዋለን። ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ ሽማግሌዎች እንሰበሰባለን። ቢያካ ከዚህ ሰፈር ይወጣል።»

«ማን ፈረደበት?»

«ራሱ ነዋ። ኪኒን ሲውጥ በኖረበት ዘመን የናቱን ድስት ሳይቀር ሸጦ የበላ ልጅ ነው።»

«ካቆመ ግን ዓመት አልፎታል።»

«ቅዳሜ ያቆመ እሑድ ይጀምራል።»

አብሯት የመጣው ኮንስታብል ራንጋ ከጉንጩ የማይለየውን፣ ኩቫ የሚሉትን የሚታኘክ ቅጠል እያላመጠ፣ «እርስዎም ሲጋራውን ስንት ቅዳሜ አቁመዋል፣ ፑ ቹዋና» አለ። ሽማግሌው ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

ውስጥ ፒ ንጉሪ ሰው በማይቀመጥበት ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምንጣፎቹ ተጠቅልለዋል፤ የጎረቤት ሴቶች የተዋሱትን ብርጭቆ ለየባለቤቱ ይለያሉ። ማዊቴ ይህን ቀን ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ የራሱ ሥራ በአንድ ጊዜ ትዝ የሚለው ቀን ነው። ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ኪኒኑን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ቀትር ላይ ነው ያረፈው። አልብሰነው ወደ ትልቁ ክፍል ሲወስዱት ቆርቆሮውን ከፍቼ አየሁት፤ መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።»

«ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«መዝሙሩ እስኪጀመር እኔ ነበርኩ። ከመዝሙሩ በኋላ እህቶቼ እዚያ አደሩ፤ እስከ ዛሬ ጠዋትም ካልጋው አልወረዱም። አንዷ ጉልበቷን ያማታል፣ አንዷ ሰነፍ ናት።»

«በመዝሙሩ ጊዜስ?»

«ሁላችንም ትልቁ ክፍል ነበርን። መሐል ላይ መብራት ሄደ። መዝሙሩ አልቆመም፤ ከበሮውም አልቆመም። እንዲያውም የደመቀው ከጨለመ በኋላ ነው።»

ማዊቴ ወደ ራንጋ ዞር አለች። ሌባው የገባው በዚያ ጨለማ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ከሚዘምር ሰው መሐል አንዱ ወጥቶ ተመልሷል።

ቢያካን ከናቱ ቤት ሥር ባለችው የአናጢ ክፍሉ ውስጥ አገኙት። አምፖሏ ደብዛዛ ነበረች። የጀመረውን ሳንቃ መላግ አላቋረጠም፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

«ማክሰኞ ማታ ለቅሶ ቤት ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«የት ጋ?»

«ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር። የታገደ ሰው የሚቀመጥበት።»

በኪኒኑ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት አግዳዋለች። እገዳው ገና አልተነሣም፤ ከመዘምራን ጋር መቆም፣ ከበሮ መንካት አይፈቀድለትም። መቃብር መቆፈር ግን ማንም አልከለከለውም። ትናንት የፑ ዛኩማን የቆፈረው እሱ ነው።

ማዊቴ ባትሪውን ሳንቃው ላይ አስቀመጠችው። ቢያካ አየውና መላጊያውን አቆመ። ፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት አልነበረም። ይመጣል ብሎ የሰጋው መርዶ የደረሰው ሰው ፊት ነበር።

«የት አገኛችሁት?»

«ፑ ዛኩማ አልጋ ሥር።»

«የኔ ነው» አለ። «ኪኒኑን ግን አልወሰድኩም።»

«ታዲያ ባትሪው በእግሩ ሄደ?»

ቢያካ መላጊያውን መልሶ አነሣ።

«ለማን ነው ያዋስከው?»

ሳንቃውን መላግ ቀጠለ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ራንጋ፣ «ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት እንኳ አፍህ አያርፍም ነበር። ዛሬ ነው ዝምታ ያማረህ?»

«ሌባ ነህ ካልክ ውሰደኝ፣ ራንጋ።»

«ማታ ሽማግሌዎቹ ከሰፈር ያስወጡሃል» አለች ማዊቴ። «ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ከዚህ ከወጣሁ የት እንደምደርስም አውቃለሁ። ለኔ ዓይነቱ አይዞል ውስጥ በሩን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ኪኒን ሻጭ ብቻ ነው።» ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከላይ ሴት ስታስል ይሰማል። «እናቴን የሚያይ ሰው እንዲያዝዙ ለፑ ቹዋና ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም የለኝም።»

ደረጃውን ሲወጡ ራንጋ፣ «እኔ የምጠረጥረው የሟቹን አማች ነው» አለ። «ሩዋታን። ሐዘን ሦስት ቀን ሳይሞላው ሥራ አለብኝ ብሎ ዛሬ ጎህ ሲቀድ በተሳፋሪ ጂፕ ወደ ሉንግሌይ ከተማ ሄዷል። እንዲህ የሚቸኩል ሰው ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

ማዊቴም አላጣጣለችውም። መንገድ ላይ ላለው ኬላ ስልክ ተደወለ። ጂፑ ቆመ፣ ሩዋታ ወረደ፣ ሻንጣው ተፈተሸ። ራንጋ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆይቶ አፈረ።

«ምን ተገኘ?»

«የተጨሰ የአሳማ ሥጋና የሟቹ ሹራብ። ፒ ንጉሪ ናቸው የሰጡት። ሹራቡን ለብሶት ሲያለቅስ ነበር አሉ።»

«ከዚህ ጥርጣሬህ የምትወርድበትን ቦታ አገኘህ?»

«ወርጃለሁ፣ ማዳም።»

የቀረው በዚያ ማታ ከቢያካ አጠገብ የነበረ ሰው ነው። እሱም አንድ ብቻ ነው፤ ከበሮ መቺው ፑ ሊያና። ግድግዳው ሥር፣ ከቆሙት ሰዎች ጀርባ፣ ከቢያካ ክንድ በማይርቅ ቦታ ነው የሚቀመጡት። በዚህ ሰፈር እሳቸው ያልመቱለት ሟች በደንብ የተለቀሰለት አይመስልም። ቢያካን ከኪኒን ያላቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ በገዛ ቤታቸው አስተኝተው፣ ሲያስመልሰው ባልዲ ይዘው፣ ኋላም ማገገሚያ ቤት አስገብተው።

ፑ ሊያና በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ። መጋረጃው ተዘግቷል። ቀኝ ትከሻቸው ዘመም ያለ ነው፤ ዐውሎ ነፋስ የነቀለውን የጸሎት ቤት ቆርቆሮ ሊመልሱ ወጥተው ከጣራ ከወደቁ ወዲህ እንዲሁ ነው።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታሁ» አሉ። «ማንንም ጠይቂ።»

ጠይቃለች። ያነጋገረቻቸው ሁሉ ይህንኑ ነው ያሉት። ከበሮው አንድ መዝሙር እንኳ አላመለጠውም።

«ቢያካ ከጎንዎ ነበር?»

«ሲጀመር ነበረ።»

«መብራት ከሄደ በኋላስ?»

ፑ ሊያና ክንዳቸውን አከኩ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምመታው።»

«ጎንዎ ያለው ሰው ሲነሣ አይሰማዎትም? አንድ ቃል ቢሰጡኝ ልጁ ይተርፋል።»

«ያላየሁትን አየሁ ልበል?» እንደገና አከኩ። ማዊቴ እንዳየቻቸው ሲያውቁ፣ «ትንኝ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የት ይሄዳል ታዲያ ቢያካ?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ከየት እንዳወጡት ያውቁ የለ? ወደዚያው ነው።»

ሰውየው ፊታቸውን አዞሩ። መጋረጃውን ነበር የሚያዩት።

ውጪ ራንጋ እጁን በትንፋሹ አሞቀ። «በጥር ትንኝ» አለ። «የዚህ ሰፈር ትንኝ ሹራብ አላት መሰለኝ።»

ሲስተር ዛሪ ከፒ ንጉሪ ቤት አልሄደችም ነበር። በረንዳው ላይ ቀይ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ሻዩ ግን ቀዝቅዟል።

«ሌብነቱ አይደለም እኔን የሚያስፈራኝ» አለች። «ፑ ዛኩማ በትንሽ በትንሹ ነው የለመዱት። እሳቸው ይውጡት የነበረው ሌላውን ሰው ትንፋሽ ያሳጣዋል። ቢያካ እንኳ ቢሆን ሰውነቱ ረስቶታል፤ በድሮው ልክ ቢውጠው አይነቃም።»

«ዛሬ አየሁት። ደህና ነው።»

«የዓይኑ ብሌንስ?»

«ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ብሌኑ ትልቅ ነበር።»

«እንግዲያው አልዋጠም። የዋጠ ሰው ብሌን ጨለማ ውስጥም የመርፌ ቀዳዳ ታክላለች። ብርሃን ይጠላል። አንዳንዱን ደግሞ ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ሲያክ ይውላል።»

ማዊቴ የተሰጣትን ብርጭቆ ሳትቀምሰው አስቀመጠች። ራንጋም ማኘኩን ተወ።

«አይሆንም፣ ማዳም» አለ ራንጋ በመጨረሻ። «ከበሮውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እኔ ራሴ በላይ በኩል ሳልፍ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም።»

እውነቱን ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም።

ከውስጥ የመዝሙር ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን ነበር፣ ከሩቅ እንደሚመጣ። ፒ ንጉሪ ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። ባንጋሎር ያለችው ልጃቸው ለአባቷ ቀብር መድረስ አልቻለችም። እሷ እንድትሰማው ብሎ አንድ ዘመድ የማክሰኞውን ምሽት ቀድቶ ነበር የላከላት፤ ቅጂው በሳቸውም ስልክ ላይ አለ።

«ከመጀመሪያው ልስማው?» አለች ማዊቴ።

ወንበሮቻቸውን አጠጉ። ስልኩን መሐላቸው አደረጉት። ማዊቴ እነዚህን ዜማዎች ስትሰማ ነው ያደገችው፤ በባሏ የለቅሶ ቀን የተመቱትንም አልረሳቻቸውም። የፑ ሊያና እጅ አይቸኩልም። የስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁ ሁሉ እስኪወርድ ይጠብቅና ከዚያ ይመታል፤ ሰው ትንፋሹን የሚስበው በዚያች ክፍተት ነው። ሁለት መዝሙር እንዲህ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ጉርምርምታ ተሰማ፤ መብራት የሄደው ያኔ ነው። ዜማው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ክፍተቷ ጠፋች። ከበሮው ከድምፁ ጋር እኩል ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል።

ማዊቴ መለስ አድርጋ ደግማ አሰማች። ፒ ንጉሪ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይሄ ሊያና አይደለም» አሉ።

«ሌላ ማን ይመታል በሰፈሩ?»

«ማንም።» አሰቡ። «ቢያካ ነበር፣ ሳይታገድ። ሊያና ነው ያስተማረው። መቸኮሉን ግን ሊያስተወው አልቻለም…» ስልኩን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው።

ማዊቴ የፑ ሊያናን በር ለሁለተኛ ጊዜ ስታንኳኳ ፀሐይ ወደ ሸንተረሩ አዘንብላለች። ራንጋን ደጅ አቆመችው።

«መብራት ሲሄድ» አለች ሳትቀመጥ፣ «ከቢያካ ባትሪውን ወሰዱ። ከበሮውን ሰጡት። መንካት እንደማይፈቀድለት እያወቁ።»

ፑ ሊያና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምን አሉት?»

«ትከሻዬን ጠዘጠዘኝ፣ ወጣ ብዬ ልመለስ አልኩት።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እሱም እሺ አባባ አለ። ምንም አልጠየቀኝም። ስመለስ ባትሪው እጄ ላይ እንዳልነበረ እንኳ አላወቅኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወደቅኩ ወዲህ። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ለአንድ ወር ነበር። ትከሻዬ ዳነ፤ እኔ ነኝ ያልዳንኩት። ሲከለክለኝ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ፤ እሱም ሲነቃብኝ ከመንገድ ገዛሁ። ያን ማታ ምንም አልነበረኝም። ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሮውን እየመታሁ የማስበው ስለ ዛኩማ አልነበረም። ስለ መሳቢያው ነበር። ልጠይቀው የሄድኩ ቀን አይቼዋለሁ።»

«ቢያካን ያን ሁሉ ቀን ያስታመሙት እርስዎ ነዎት። ለማን ብለው ነው ሳይናገሩ የቀሩት?»

«ሰፈሩ የሚያየኝ በሱ ነው። ያዳነው ሰው ይሉኛል። ታዲያ በየትኛው አፌ?» ዘመም ያለውን ትከሻቸውን አሹ። «ዛሬ ማታ ሄጄ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ስትመጪ ይህን ለራሴ እየነገርኩ ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። ብሌኖቻቸው በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጥብ ያክሉ ነበር። «ውሸት ነው፣ ልጄ። አልሄድም ነበር።»

ተነሡና ከስኳር ዕቃ ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። የቀረው ብዙ ነበር። ማዊቴ ስትቀበላቸው መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ በሕይወት ስላገኘቻቸው እፎይታ ነበር።

«መመዝገብ ግዴታዬ ነው» አለች። «በፈቃዱ ሕክምና ለሚገባ ሰው ሕጉ መንገድ ይተዋል። ስብሰባው ግን የኔ አይደለም። እዚያ የሚናገረው እርስዎ ነዎት። እስከ ደጃፉ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ከዚያ በፊት ቢያካን ከአናጢ ክፍሉ ጠራችው። እንዳያት ገባው።

«ለምን ደበቅክ?» አለችው።

«አባት ሆኖኛል። እንዴት አድርጌ በጣቴ ልጠቁመው? ባትሪውን እስካይ ድረስ ደግሞ ትከሻው ነው ብዬ ነበር። ማለት… ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።»

«አንተ ስትውጥ የሚደብቅልህ ሰው ነበር?»

«እናቴ። ጎረቤት ሲመጣ ወባ ይዞት ነው ትል ነበር። ድስቱ ሲጠፋ ራሴ ሸጥኩት አለች።»

«ጠቀመህ?»

ቢያካ ከእጁ ላይ የእንጨት ብናኝ አራገፈ። «ልትገድለኝ ነበር» አለ። «ከፍቅሯ ብዛት።»

«አንድ ሌሊት ብትዘገይ ሰውየው ትንፋሹ ይቆም ነበር። ያን ጊዜ የምትቆፍረው ለማን እንደሆነ አስበው።»

አንገቱን ደፋ። አሰበው።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡበት አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ፑ ቹዋና ጉሮሮአቸውን ጠርገው የቢያካን ስም ሲጠሩ ከኋላ ፑ ሊያና ተነሡ። ረጅም አልተናገሩም። ኪኒኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ አሉ። ልጁ ከበሮ ሲመታ ነበር፤ ያስመታሁትም እኔ ነኝ። ከወደቅኩበት ቀን ጀምሮ ሳልውጥ ያደርኩበት ቀን የለም፤ የናንተን ሟቾች ሁሉ የሸኘሁት ውጬ ነው። ይህን ብለው ቆሙ፤ መቀመጥ እንዳለባቸው የረሱ ይመስላሉ።

ፑ ቹዋና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

የተናገሩት ፒ ንጉሪ ናቸው። «ሊያና፣ ዛኩማ ቢኖር ኪኒኑን ይሰጥህ ነበር?»

«አይሰጠኝም።»

«አይሰጥህም። ጎትቶ ሐኪም ቤት ይወስድህ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከዚህ ሰፈር ማንም አይወጣም።» ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «ቹዋና፣ ለቢያካ የምትለው አለህ?» አሉ።

ፑ ቹዋና ብዙ ቃል ፈለጉ፤ ያገኙት ጥቂት ነበር። «አጥፍተናል» አሉ። «አንተ ግን ያን ሁሉ ስድብ ችለህ ዝም ትላለህ እንዴ? ሞኝ ነህ።»

«አዎ፣ ሞኝ ነበርኩ» አለ ቢያካ።

በማግስቱ ረፋድ ማዊቴ ሁለቱን በጂፕ ይዛቸው ወደ ማገገሚያው ቤት ወጣች። ከከተማው በላይ፣ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው። ፑ ሊያና ብርድ ልብስ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ አፍንጫቸው ይፈስሳል።

«ዛሬ ጉንፋን ነው የሚመስልዎት» አላቸው ቢያካ። «ነገ አጥንትዎ ይናገራል። ከነገ ወዲያ እኔን ይሰድቡኛል።»

«አልሰድብህም።»

«ይሰድቡኛል። እኔ እርስዎን ያልኩትን ሰው ፊት አልደግመውም።»

«እናትህን ማን ያያታል?»

«ፑ ቹዋና ሻይ ሊያፈሉላት መጥተዋል። ስኳሩን አብዝተውት እየጮኸችባቸው ነበር፣ ትቻቸው ስወጣ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ።

በሩን የከፈተው ወፍራም፣ ፊተ ጠባሳ ሰው ነበር፤ እሱም በዚህ ቤት ያለፈ ነው። ማዊቴን ከነዩኒፎርሟ አያት። ቢያካን አወቀውና በዓይኑ ሰላም አለው። ከዚያ መሐል ወደቆሙት ሽማግሌ ዞረ።

«ማን ነው የሚገባው?»

ማዊቴ ልትመልስ ስትል ቢያካ ክንዷን ያዝ አደረገ። በዚህ ቤት ሰው በሌላ ሰው አፍ አይገባም።

ጠበቁ። ከታች ከከተማው የጂፖች ጡሩምባ ይሰማል። ፑ ሊያና ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው ላይ አወረዱና አጣጥፈው ያዙት፤ ባዶ እጃቸውን ለመቆም የከበዳቸው ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሊያና እባላለሁ። ሱሴ ኪኒን ነው።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም።»

«እኛም ገና ነን» አለና በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተላቸው።